መጠባበቂያ ኮሌጅ ለጣሪያ ሠሪ ልጅ

ጎረቤታችን ዌንደል ኦስትራንደር ጣሪያ ሠሪ ነው። በከተማችን ዝናብ ሳይነካው የሚያድር ሰው ሁሉ የእሱ ውለታ አለበት፤ ብንረሳም እሱ ያስታውሰናል። ኮሌጅ ገብቶ አልተማረም። ስለ ኮሌጅ ግን በመላው ኦሃዮ እንደ እሱ የሚያውቅ አልነበረም።

ልጁ ብሪጅት ሁለተኛ ደረጃን ልትጨርስ ስትል፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ከምትመኟቸው ኮሌጆች ጎን አንድ መጠባበቂያ ያዙ አለቻቸው፤ በእርግጠኝነት የሚቀበላት፣ ደግሞም መክፈል የምትችሉት ይሁን። ዌንደል የምክሩን ግማሽ ሰማ። ስለ መቀበል የሚናገረውን። ስለዚህ ግንቡን ሐረግ ያለበሰው፣ ኩሬው ላይ የሚንሳፈፉት ዳክዬዎች እንኳ የባለጸጋ ልጆች የሚመስሉበት አንድ የግል ኮሌጅ መረጠላት።

ከቤታቸው በአውቶቡስ የሚደረስበት የመንግሥት ኮሌጅም ነበረ። የብሪጅት ልብ እዚያ ነበር፤ ነርስነት ያስተምራል፣ ክፍያውም ለሰው ልጅ የተተመነ ነው። ስሙ በተነሳ ቁጥር ዌንደል ሹካውን ያስቀምጣል። እዚያ እኮ የሚተነፍስ ሁሉ ይገባል ይላል። ሚስቱ ግሌንዳ መተንፈስ ለነርስ መጥፎ ጅምር እንዳልሆነ ብታስረዳውም አልገባውም።

በመጋቢት፣ የተመኟቸው ኮሌጆች በሙሉ እምቢ አሉ። እንዲህ ያማረ እምቢታ አይቼ አላውቅም፤ ሊያመሰግኗት የጻፉላት ይመስል ነበር። ባለ ዳክዬው ግን ተቀበላት። ዌንደል የኮሌጁን ምልክት በዚያው ቀን በጭነት መኪናው የኋላ መስታወት ላይ ለጠፈው፤ በእኛ ሰፈር ይህ ከክርስትና አይተናነስም። ቀጥሎ የክፍያው ልክ መጣ። ኮሌጁ የሚሰጣት የገንዘብ እርዳታ ተቀንሶም የቀረው፣ ዌንደል ዓመቱን ሙሉ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ የሚያገኘውን ይውጣል። መጠባበቂያው ራሱ መጠባበቂያ የሚያስፈልገው ሆነ።

ዌንደል ግን አልደነገጠም። ቤቱን አስይዞ እንደሚበደር እራት ላይ አስታወቀ። ብሪጅት ነች የተናገረችው።

«አባዬ፣ እዚህም አመልክቼ ነበር። ተቀብለውኛል።»

«የት?»

«አውቶቡሱ የሚሄድበት።»

«ያ ፍርስራሽ? ነገ ጣሪያው አናትሽ ላይ ቢወርድስ?»

«ጣሪያውን የሠራኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ዌንደል ያኘከውን ዋጠ። ኮሌጁን መናቅ የገዛ ጣሪያውን መናቅ ሆነበት።

«የእኔ ጣሪያ አይወርድም» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው እገባለሁ።»

በማግስቱ የዳክዬዎቹን ምልክት በጣሪያ ቢላዋው ፋቀው። ቅርጹ መስታወቱ ላይ ስለቀረ አዲሱን በላዩ ለጠፈበት፤ ትንሽ ተንጋዷል። አሁን ለዳክዬ ኩሬ ቤቱን የሚያስይዝ ሰው ምን ያህል ሞኝ እንደሆነ፣ ማንም ሳይጠይቀው ለሁላችንም ያስረዳል። ዝናብ ሲጥል ግን ሥራውን ትቶ በኮሌጁ በኩል ዞሮ ያልፋል፤ መኪናውን ዳር አስይዞ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል።