ልጄ ሻሼን ከኋላዬ ስትጥል

በአምስት ዓመት ልጅ ቀናሁ ብል ማን ያምነኛል? ቀናሁ እንጂ! ያውም በልጄ ጓደኛ።

ልጄ አጸደ ሕፃናት እስክትገባ ድረስ የጨዋታ ጓደኛዋ እኔ ነበርኩ። ስፌት መኪናዬ ሥር ቁጭ ብላ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት እየሠራን እቃቃ ስንጫወት እንውላለን። ትምህርት በጀመረች በወሩ ግን ወሬዋ ሁሉ ከገሳይ ከተማ የመጣች አንዲት ልጅ ሆነች። ማታ «እሷ እኮ ዛፍ ላይ ትወጣለች»፣ ጠዋት «እሷ ቀድማኝ ገብታ ይሆን?» ቆሎ ስሰጣት ግማሹን ኪሷ ትከታለች። ለማን እንደሆነ አልጠይቅም። አንድ ቀን ደግሞ ጸጉሯን ስሠራት «እንደ እሷ ሥሪኝ» አትለኝም! የኔ ሹሩባ ምን ሆነና? ቅጥል አልኩ።

የወላጆች ቀን ተብሎ ተጠራን። የጉና ብርድ ፊት ይገርፋል፤ እናቶች ጋቢያችንን ተከናንበን ሜዳው ላይ ከልጆቹ ጋር ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ልጄ ወደ ጓደኛዋ ስትሮጥ አየኋትና ቀደምኳት። መሃላቸው ቁጭ!

«እማዬ፣ እዚህ እኮ የኔ ቦታ ነው።»

«ሁሉም ሜዳ ነው» አልኳትና ጋቢዬን ዘረጋግቼ ተደላደልኩ። ጓደኛዋ በወላለቀ ጥርሷ ፈገግ ብላ «እንደምን አደሩ፣ እትዬ» አለችኝ። ጨዋነቷም አናደደኝ።

መሐረብ እንጫወት ተባለ። መሐረብ ሲጠፋ መምህርቷ የኔን ሻሽ ወሰደች። ጨዋታውን ሁላችንም አድገንበታል፤ መሐረቡን የያዘችው ክቡን ትዞርና ካንዱ ኋላ ቀስ ብላ ትጥለዋለች። የተጣለበት ተነሥቶ ያባርራታል፤ ሳትያዝ ዞራ ከደረሰች ቦታውን ትወስድበታለች፣ ተራው የሱ ይሆናል። መጀመሪያ እንድትዞር ልጄ ተመረጠች፤ እኛም ተጠጋግተን ክቡን ዘጋን።

አንዴ ዞረች። ለጓደኛዋ እንደምትጥል ምን ጥርጥር አለው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ከኋላችን ስትደርስ እግሯ ዘገየ። በእጄ ዳበስኩ፤ ሻሹ እኔው ጋ ነው!

እሰይ የኔ ልጅ! እኔን መረጠች! ጋቢዬን ጥዬ ተነሣሁ። አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፣ እናቶቹ በሳቅ ሞቱ፣ ምን ቸገረኝ! ያቺን ጥርሰ ወላቃ እንኳ ወደድኳት። ልጄን ልይዛት እየቻልኩ ታሸንፍ ብዬ ቀስ አልኩላት።

ዞራ ቦታዬ ላይ ዘፍ አለች። ጋቢዬን ራሷንና ጓደኛዋን አለበሰችና ቆሎውን ከኪሷ አወጣች።

«አላልኩሽም?» አለቻት። «እሷ ላይ ከጣልኩት ትነሣልናለች።»

ወይ ጉዴ! ለካ የተፈለገው ቦታዬ ነው። በአንድ ጫማ ቆሜ ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ቆይ ብቻ፣ ጨዋታ ከሆነ ጨዋታ ነው አልኩ። ዞሬ ሄድኩና ሻሹን ከጓደኛዋ ኋላ ጣልኩት። እሷ ስትነሣ ቦታዋን ይዤ ከልጄ ጎን ልቀመጥ ነው።

ጓደኛዋ ብድግ ስትል ልጄም አብራ ብድግ አለች። መምህርቷ «አንድ ሰው ብቻ!» ብትል ማን ሰምቷት! እጅ ለእጅ ተያይዘው እየተንጫጩ አባረሩኝ። እንደምንም ቀድሜ ቁጭ አልኩ። እነሱ መሮጣቸውን አልተዉም፤ እኔን አልፈው፣ ክቡን ትተው፣ ወደ ባሕር ዛፎቹ ወረዱ። አጠገቤ ጋቢዬ ብቻ ነበር፤ ብዳብሰው ገና ይሞቃል።