ፍሬኑ እስኪደርቅ

ከአባቴ ጂፕ የወለቁት አራት ታምቡሮች በረንዳዬ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። የሰቆጣው መካኒክ በቦታቸው ዲስክ ፍሬን ሲገጥምልኝ፣ ለብረት ገዢ ስጫቸው ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን አልሰጠሁም። ዝገት የበላቸው፣ ድስት የሚያካክሉ ብረቶች ናቸው። ከጎማው ጋር አብረው ይዞራሉ፤ ፍሬን ሲረገጥ ሸራ የሚሉት የፍሬን ልባስ ከውስጥ ተወጥሮ ይይዛቸውና መኪናዋ ትቆማለች። ውሃ ከገባባቸው ግን ሸራው ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። የቤተሰባችን ኀዘን የጀመረው ከዚህች ትንሽ ነገር ነው።

ልጅ እያለሁ ፃግብጂ ውስጥ፣ በእኛ ቀበሌ፣ መኪና የነበረው አባቴ ብቻ ነበር። ጂፗን ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ገዝቷት ማርና ፍየል፣ ሙሽራና በሽተኛ ወደ ሰቆጣ ያመላልስባት ነበር። ውስጧ ሁልጊዜ ቤንዚን፣ ፍየልና የአባቴ አሮጌ የቆዳ ጃኬት ይሸታል። ትምህርት በሌለ ቀን ካልተሳፈርኩ ብዬ አለቅሳለሁ፤ አባቴም ሲሰለቸው አንጠልጥሎ ከማሩ ቆርቆሮ ላይ ያስቀምጠኛል።

መንገዱ ላይ አንድ ወንዝ አለ። ወንዙን እንደተሻገሩ ትንሽ ሜዳ ትገኛለች፤ ከሜዳዋ ቀጥሎ መንገዱ ገደሉን ታኮ ቁልቁል ይወርዳል። አባቴ ታዲያ ወንዙን ተሻግሮ ወዲያው ቁልቁለቱን አይጀምርም። ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ እየረገጠ ሜዳዋ ላይ ወደፊት ይነዳል፣ ወደኋላ ይመለሳል፤ ግለቱ ውሃውን እስኪያደርቀው ድረስ። ይህን የሚያደርገው አሥራ ሁለት ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ላይ ብንለምነው እንኳ እሺ አላለንም። ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ። በቋንቋችን በኽምጣና፣ በራሴ ዜማ እየጮህኩ ስቆጥር ተሳፋሪው ይስቃል። ሰባትና ስምንት ላይ የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ሽታ ይመጣል። አሥራ ሁለት ስል አባቴ ዞር ብሎ "ደረቀ?" ይለኛል። "ደረቀ" እላለሁ፣ እንወርዳለን። ያለ እኔ ፈቃድ መኪናዋ የማትንቀሳቀስ ይመስለኝ ነበር።

አክስቴ ዝማም የአባቴ ታናሽ እህት ነበረች። ጸጉሬን የምትሠራኝ፣ ስሠራም ካለቀስኩ ጆሮዬን ነክሳ የምታስቀኝ እሷ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ በያዛት በሁለተኛው ቀን፣ ባሏ አያ ረዳ እየሮጡ መጡ። ሐምሌ ነበር። አክስቴን ከኋላ ፍራሽ ላይ አስተኟት፤ እጄን ይዛ አልለቅ ስላለች እኔም አብሬ ተሳፈርኩ። አያ ረዳ ከፊት፣ ከአባቴ ጎን ተቀመጡ። ወንዙ ሞልቶ ጎማዎቹን ዋጣቸው። እንደምንም ተሻገርን። አባቴም እንደ ልማዱ ሜዳዋ ላይ ወደፊት፣ ወደኋላ ማለት ጀመረ።

አያ ረዳ መጀመሪያ ለመኑት፤ ቀጥለው በማርያም ተማጸኑት። በመጨረሻ መሪውን ያዙበት። አባቴ እጃቸውን በቀስታ አነሳና መንዳቱን ቀጠለ። እኔስ? እኔ ቆጠርኩ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የለመድኩት ጨዋታ ሆኖብኝ ጮክ ብዬ፣ በዚያው ዜማዬ ቆጠርኩ። አክስቴ እጄን እየጨመቀች ታቃስታለች፣ እኔ እቆጥራለሁ። አሥራ ሁለት ስል አባቴ ዞር አላለም፤ "ደረቀ?" ብሎም አልጠየቀኝም።

ሆስፒታል ስንደርስ አክስቴ ትንፋሿ አልነበረም። ልጇም አልተረፈም። አንዲት ነርስ ዕንባዋን እየጠረገች "ምነው ትንሽ ቀደም ባላችሁ" አለች። አዝና ነው እንጂ ክፉ አስባ አይደለም፤ ነገር ግን ቃሏ ከአያ ረዳ ልብ አልወጣም።

ሽማግሌ ተቀምጦ አስታረቃቸው፣ መስቀልም ተሳለሙ። አያ ረዳ ግን ከዚያ ወዲህ ጂፗን አልተሳፈሩም፤ ሰቆጣ የሚሄዱት በእግራቸው ሆነ። መንገድ ላይ ባገኘናቸው ቁጥር አባቴ መኪናዋን አቁሞ በሩን ይከፍታል። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ገደሉ ያዞራሉ። አባቴ በሩን መልሶ ይዘጋል። ሜዳዋ ላይ የቆየንበት ጊዜ ደግሞ በአያ ረዳ አፍ በየዓመቱ እየረዘመ ሄደ፤ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያሉት አንድ ሰዓት፣ ኋላም ግማሽ ቀን ሆነ። እኔም ዳግመኛ አልቆጠርኩም። ልደብቀው አልችልም፣ እኔም በልቤ አባቴን ፈሪ ነው ብዬ ከስሼው ነው የኖርኩት። አድጌም አልጠየቅሁትም፤ ባለፈው ዓመት እንደተዘጋጋን አረፈ።

ጂፗ ለእኔ ደረሰች። መካኒኩ ፍሬኑን ለምን መቀየር እንደፈለግሁ ሲጠይቀኝ ስለ ወንዙ ነገርኩት። ታምቡሮቹ ውስጥ በጀሪካን ውሃ አንቆርቁሮ፣ እስቲ ንጂና ያዢ አለኝ። በጋራዡ ግቢ ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ ረገጥኩ። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ደረቅ ብሎ ቆመ፣ መኪናዋ ግን መሄዷን አልተወችም። ባለ በሌለ ጉልበቴ ረገጥኩ። የአሮጌ ጎማ ክምር ገጭታ ነው የቆመችው። ይህ የሆነው ለጥ ባለ ሜዳ ላይ፣ በእግረኛ ፍጥነት ነው። መሪውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። መካኒኩ የደነገጥኩ መስሎት የምጠጣው ውሃ አመጣልኝ። እኔ የታየኝ ያ ቁልቁለት ነበር። አባቴ ያን ቀን እህቱ ከኋላው እያቃሰተች፣ የእኛን ነፍስ ይዞ ነበር ወዲያና ወዲህ የሚለው። ይቅር በለኝ እንዳልለው ጊዜው አልፏል።

አያ ረዳ አሁን አርጅተዋል፤ ዓይናቸውንም ሞራ ጋርዶታል። በቀደም ሆስፒታል ልወስዳቸው ሄድኩ። በዚያች መኪና አልሄድም አሉ። ፍሬኗ ተቀይሯል፣ ውሃ አይበግረውም ብላቸው ጋቢያቸውን ደርበው ተነሱ። ወንዙን በድምፁ ለዩት። ተሻግሬ፣ ሜዳዋን ሳልቆም አልፌ ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ፍሬኑ ገና ሲነካ ያዘ።

"አልቆጠርሽም" አሉኝ።

"አሁን ማድረቅ አያስፈልገውም፣ አያ።"

"ያኔ ስንት ነበር?"

"አሥራ ሁለት።"

"እስቲ ቁጠሪው" አሉ፤ "ያኔ እንደቆጠርሽው፣ ሳትቸኩይ።"

እየወረድኩ ቆጠርኩ። በኽምጣና፣ በልጅነት ዜማዬ፣ መኪናዋ ከሜዳዋ ጫፍ ደርሳ እስክትመለስ የሚፈጀውን ያህል በየቁጥሩ መካከል እየጠበቅሁ። ቁልቁለቱን ሳንጨርስ አሥራ ሁለት ሞላ።

"ይኸው ብቻ ነው?" አሉ አያ ረዳ።

"ይኸው ነው፣ አያ።"

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ሰቆጣ እስክንገባ አልገለጡትም። ሆስፒታሉ በር ላይ ደግፌ ሳወርዳቸው፣ "ስትመልሺኝ አባትሽ መቃብር ላይ አውርጂኝ" አሉኝ።

ድሮ ያቺ ሜዳ ታስቆመን ነበር፤ ዛሬ ሳላያት አልፋታለሁ። ዲስኩ ጥሩ ነው፣ አልነቅፈውም። ብቻ ወንዙን በተሻገርኩ ቁጥር ጆሮዬ የአባቴን አንድ ቃል ይጠብቃል፤ ዞር ብሎ "ደረቀ?" የሚለኝ ግን የለም።