ከአሥራ ሁለት ያልበለጡ ቀኖች

ባለፈው ቅዳሜ ሱቅ ገብቼ የታሸገ ወተት አነሳሁና ጀርባውን አየሁ። የማብቂያው ቀን «04/06» ይላል። አራቱ ወሩ ይሁን ቀኑ አልለይ አለኝ። ባለሱቁ «ደህና ነው እናቴ፣ ይውሰዱት» ቢለኝም ቆሜ ቀረሁ። ሐሳቤ ቴፒ ገብቶ ነበር።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ እዚያ በአንድ ጤና ጣቢያ የኮምፒውተር ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎችን ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም ከአዲስ አበባ መጥቶ ከተተከለ ብዙም አልቆየም። በልጉ ገና መግባቱ ነው፤ የቡናው አበባ ሽታ በመስኮት ይመጣል፣ መንገዱ ጭቃ ሆኗል።

አንድ ጠዋት አየለች የምትባል ሴት ከሸኮ በኩል መጣች። ኮምፒውተሩ ቀጠሮዋ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል አለ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ወርቄ «ሂጂና በቀኑ ነይ» አሏት። አየለች በረንዳው ላይ ተቀመጠችና በኮባ ቅጠል የጠቀለለችውን ቅቅል ጎደሬ ፈታች።

«አልሄድም» አለች። «መድኃኒቱ አልቋል። አታቋርጪ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ትናንት ጎረቤቴን መለሳችሁት፤ እኔን ግን አትመልሱኝም።»

ሲስተር ወርቄ የቀጠሮ ካርዷን ተቀብለው ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ቀጠሮዋ ያን ዕለት ነበር። መድኃኒቷን ሰጥተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህን ማሽን አንሺልኝ! ሰው ሊገድልብኝ ነው።»

«ዛሬን ብቻ ይስጡኝ» አልኳቸው። እንዲህ እልህ ይዞኝ አያውቅም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይረውን ክፍል ነበር። ደጋግሜ ፈተሽኩት፤ ምንም አላገኘሁበትም። ከዚያ የታካሚዎቹን ካርዶች ከኮምፒውተሩ ጋር ሳስተያይ አንድ ነገር ገረመኝ። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ ከአሥራ ሁለት የበለጠ ቀጠሮ ሁሉ ልክ ነው፤ የተሳሳተው አሥራ ሁለትና ከዚያ በታች ያለው ብቻ ነው። የአየለች ቀጠሮ በሦስተኛው ወር አምስተኛው ቀን ነበር፤ ኮምፒውተሩ አምስተኛው ወር፣ ሦስተኛው ቀን ብሎ ይዞታል።

ፕሮግራሙ ቀኑን ከወሩ አስቀድሞ ይልካል፤ ቀጠሮዎቹን የሚያከማቸው መረጃ ቋት ደግሞ የፊተኛውን ቁጥር ወር ነው ብሎ ይቀበላል። ፈረንጅ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለው ከአሥራ ሁለት የሚበልጠውን ቁጥር ወር ሊለው አይችልም፤ ያን ጊዜ ብቻ አስተካክሎ ያነበዋል። ሌላውን ገልብጦ ዝም ይላል።

ቀኑን የሚልከውን የኮድ መስመር ለውጬ ዓመቱ ከፊት፣ ከዚያ ወሩ፣ ቀኑ መጨረሻ እንዲላክ አደረግሁ። ሞከርኩት፤ አልተገለበጠም። ቀድሞ ተገልብጠው የተመዘገቡትን ቀጠሮዎች ሲስተር ወርቄ ካርድ እያነበቡልኝ አንድ በአንድ አቃናናቸው። ለጎረቤቷ ተመልሶ እንዲመጣ መልእክቱን ያደረሰችው አየለች ናት።

በማግስቱ ሰውዬው በባዶ ሆዱ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣ። መድኃኒቱን ተቀበለና በበሩ አጮልቆ አየኝ።

«ኮምፒውተሩ ተሻለው?»

«ተሽሎታል» አልኩት። ሲስተር ወርቄ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ዛሬም ከዚህ ሥራ አልወጣሁም። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ስህተት አገኘን ብለው ሲመጡ «የት ላይ ነው?» ብዬ አልጀምርም። «እስካሁን ማንን መልሶብናል?» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ሰዎቹን እንፈልጋለን፤ ኮዱ የትም አይሄድም።