ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

ይህን ነገር ለሰው ተንፍሼው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን ጾም መግደፌን፣ ሐሜቴን፣ በልጆቼ ላይ መጮኼን ሁሉ ስዘረዝር እቆይና እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። ሰው ገድያለሁ። አትደንግጡ፣ የገደልኳት ሴት ኖራም አታውቅም። በአፌ ፈጠርኳት፣ በአፌ ገደልኳት፣ ከዚያም ለቅሶዋ ልሄድ ነው ብዬ ከቤቴ ወጣሁ። የወጣሁት ለመጻፍ ነበር።

ሳቃችሁ አይደል? እኔንም አንዳንዴ ያስቀኛል። ግን ቆዩ፣ አስጨርሱኝ።

አሶሳ ውስጥ መምህር ነኝ። ያኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነበር፤ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነው። የምጽፈው ቤታቸው በርታኛ ወይም ጉሙዝኛ ሲያወሩ አድገው ትምህርት ቤት ሲገቡ በአማርኛ ማንበብ ስለሚጀምሩ ሕፃናት ነው። መረጃውን ሰብስቤ ጨርሻለሁ፤ ትንተናው ግን አልጻፍ አለኝ። ባሌ ማንኩሽ በኩል ነው የሚሠራው፣ ሲመቸው ብቅ ይላል። ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ ሦስቱ ልጆቼና አማቴ እማማ ዲንቄ ነን። እማማ ዲንቄ ወለጋ ተወልደው ባምባሲ የኖሩ ሴት ናቸው። እኔን «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እውነትም እንደ ልጃቸው ነው ያኖሩኝ።

ልጆች ባሉበት ቤት መጻፍ ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ሰው ቁጭ ብሎ ሲታይ ሥራ የፈታ ይመስላል። ላፕቶፔን ከፍቼ ገና ከመቀመጤ ጎረቤቴ ብቅ ትልና «እንኳን አገኘሁሽ! ቁጭ ካልሽማ ይቺን ሽንኩርት እየላጥን እናውራ» ትላለች። ትልቁ የቤት ሥራውን ይዞ ይመጣል፣ ሁለተኛዋ ተመታሁ ብላ ታለቅሳለች፣ ትንሹ ጭኔ ላይ ወጥቶ የላፕቶፑን ፊደሎች ይጠቀጥቃል። መብራቱ ደግሞ እልህ ያለበት ይመስል ልክ ሐሳቡ ሲመጣልኝ ድርግም! ባጃጅ ውስጥ በስልኬ ጽፌያለሁ። ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ ጽፌያለሁ። አንዲት አንቀጽ ይዤ ሳምንት የከረምኩበት ጊዜ አለ። አማካሪዬ ታግሰው ታግሰው በመጨረሻ ተቆጡ፤ እስከ ሰኞ ሁለቱን ምዕራፎች ካላመጣሽ ዘንድሮ አትመረቂም፣ እንደገና ትመዘገቢያለሽ አሉኝ።

ያ ሰኞ የሲፈን ክርስትና ማግስት ነበር። ሲፈን የጫልቱ ልጅ ናት። ጫልቱ ደግሞ የባሌ እህት፣ የእማማ ዲንቄ አንድ ሴት ልጅ፣ ባምባሲ ያገባች፣ ልጅ አጥታ ስንት ዘመን ስለት ስትሳል ኖራ በመጨረሻ ሲፈንን ያገኘች። እማማ ዲንቄ ለዚህ ክርስትና ሲሰናዱ ብታዩአቸው! ነጭ ቀሚሳቸውን ሁለቴ አጠቡት። ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ጋገሩ። ዓርብ በጠዋቱ ሊሳፈሩ ሻንጣቸው በር ላይ ሆኗል። ልጆቹ ከእኔ ጋር ሊቀሩ ነው፤ ትንሹ ከወባ ገና እያገገመ ስለነበር መንገድ አይወጣም። እኔ ከክርስትናው መቅረቴን ጫልቱ አውቃለች፣ አልከፋትም። የምትጠብቀው እናቷን ነው።

ያደረግኩት እዚህ ላይ ነው። ሻንጣው በር ላይ እያለ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ጮኽኩ። «ውይ ሐዋ! ውይ ውይ፣ ምነው ሐዋዬ!» አልኩ። ስልኩ ውስጥ ማንም አልነበረም። ሐዋ አብራኝ የምትማር ልጅ ናት፣ እናቷ መንጌ ከተማ ሞተዋል፣ ሦስቱን ቀን አብሬያት ካልሆንኩ ሰው የላትም አልኩ። ሐዋ የምትባል አብራኝ የምትማር ሰው የለችም።

ለምን ለቅሶ አልኩ? ስለማይከለከል ነዋ! ሰው ሞተ ከተባለ ማን አትሂጂ ይላል? «ልጽፍ ስለሆነ ሦስት ቀን ስጡኝ» ብል ግን ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ፈራሁ እንጂ ጠይቄ አላውቅም። ደግሞ ሳላስበው አመለጠኝ እንዳልል፣ አስቤበታለሁ። እኔ ከሄድኩ እሳቸው እንደሚቀሩ አውቃለሁ። አውቄ ነው የዋሸሁት።

እማማ ዲንቄ ደረታቸውን መቱ። ትንሽ ቆመው ሻንጣቸውን አዩት፤ ከዚያ አንስተው ወደ ጓዳ መለሱት። «ክርስትናው እኔ ባልኖርም አይቀር። እናቱ የሞተችበት ሰው ግን ሰው ይፈልጋል። ሂጂ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅሽን እንዳትገቢ ብለው ደግሞ ዳቦውን አመጡት። የሲፈንን የክርስትና ዳቦ! ከነኮባው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ኧረ ይሄ የሲፈን ነው» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኩ።

መንጌ አልሄድኩም። አንዲት ጓደኛዬ ለሥልጠና አዲስ አበባ ስትሄድ ቤቴን እያየሽልኝ ብላ ቁልፏን ትታልኝ ነበር። ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ገባሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ መጻፍ ጀመርኩ።

መናዘዜ ካልቀረ ሙሉውን ልናዘዝ። ደስ ብሎኝ ነበር! ከወባ ያልዳነ ልጅ ቤት ጥዬ፣ አሮጊት ሴት አታልዬ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ሐሳብ ጀምሬ ያንኑ ሐሳብ ስጨርስ፣ ማንም «እማዬ» ሳይለኝ ገጹ ሲሞላ፣ ብቻዬን ሳቅ ሳቅ ይለኝ ነበር። ያ ሁሉ ጊዜ አልጻፍ ያለኝ ነገር እንደ ውሃ ወረደ። ሲርበኝ ዳቦውን እቆርሳለሁ። እንዴት ይጣፍጣል መሰላችሁ! ጥቁር አዝሙዱን ሳይሰስቱ ነው የጨመሩበት። ፍርፋሪውን ከላፕቶፑ ላይ እያራገፍኩ ስለ ሌላ ሰው ልጆች ጻፍኩ፤ የቤታችንን ልጅ ዳቦ በልቼ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ቀና ስል ሚኒባሶች ወደ ባምባሲ ሲያልፉ በመስኮት አየሁ። አንዱ ምዕራፍ አልቋል፣ ሁለተኛውም ተጋምሷል። ቤተ ክርስቲያኑ አልፏል፣ ድግሱ ግን ገና ነው። ቤት ሮጬ «ለቅሶው ቶሎ ተነሳ፣ እርስዎ ይሂዱ» ብላቸው እማማ ዲንቄ ለምሳው ይደርሱ ነበር። ሲፈንን አቅፈው ይመርቋት ነበር። ይህን ሁሉ አሰብኩት፣ እግሬም ተነስቶ ነበር። የተነሳሁት ግን መጋረጃውን ለመዝጋት ሆነ። መጋረጃውን ዘግቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ። የዓርቡን ጭንቀት ነው ልበል። የእሑዱንስ ምን ልበለው?

አመሻሹ ላይ ምዕራፎቹን ጨርሼ ቤት ገባሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጬ ዓይኔ ደም መስሏል። እማማ ዲንቄ አዩኝና «ዓይንሽ እስኪጠፋ አለቀስሽ እኮ!» ብለው አዘኑልኝ። ለብ ያለ ውሃ አምጥተው ጎንበስ ብለው እግሬን አጠቡኝ። አይ እኔ! እግሬን ዘርግቼ ታጠብኩ።

ሰኞ ጽሑፉን አስገባሁ፣ ተቀበሉኝ፣ ተመረቅኩ። ጫልቱ ግን እናቷን ተቀየመች። «የማታውቂው ሰው ሞተ ብለሽ ከልጄ ክርስትና ቀረሽ?» አለቻቸው፤ ከዚያ ስልክ አላነሳ አለች። እሳቸው በእኔ አላሳበቡም። ስልኩን እየደወሉ፣ ሳይነሳ ሲቀር ቀስ አድርገው ያስቀምጡትና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እኔ አጠገባቸው የተማሪ ፈተና አርማለሁ። ኋላ ሽማግሌ ገባ፣ ታረቁ፣ ነገሩ በረደ ተባለ።

ሐዋ ግን አልሞት አለች። እማማ ዲንቄ በየጊዜው «ያቺ እናቷ የሞተችባት ልጅ እንዴት ሆነች? ምሳ ጥሪያት እንጂ» ይሉኛል። ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች አልኩ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይጠይቃሉ፤ አገባች አልኩ። ወለደች ስል እማማ ዲንቄ ከልባቸው እልል አሉላት። አንዷን ውሸት ለማኖር ስንት ውሸት እንደምቀልብ አያችሁ?

ከተመረቅኩ በኋላ ጽሑፉን አሳጥሬ ለመጽሔት እንድልከው ተጠየቅኩ። ጊዜ የለም፣ ልጆቹም አሉ፣ የምገድለው ሰው ደግሞ አልቆብኛል። አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቢቸግረኝ እየፈራሁ ተናገርኩ፤ «እማዬ፣ የምጽፈው ነገር አለኝ፣ ትንሽ ሰዓት ብቻዬን ልሁን?» አልኳቸው። እማማ ዲንቄ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «ታዲያ ጻፊያ! ማን ከለከለሽ?» አሉና በርጩማቸውን ይዘው በሩ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹን ወደ ደጅ አስወጡ። ጎረቤቴ ሽንኩርቷን ይዛ ስትመጣ «ሥራ ላይ ናት» ብለው መለሷት። ሥራ ላይ ናት! እኔ ለዚህች ቃል ነው ሰው የገደልኩት? በሰላም ብጠይቅ የምሰጠውን ነገር ሰርቄ ወሰድኩት ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ደህና ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ በሥራ ቀን ደግሞ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ እጽፋለሁ። ጥቂት ገጽ ነው፣ ግን ይቀጥላል። ሌላ ጽሑፍ ጀምሬያለሁ፣ ልጆቼም «እማዬ እየጻፈች ነው» ማለት ለምደዋል። ደስተኛ ነኝ፤ ይህንንም መደበቅ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።

ዛሬ ጫልቱ ሲፈንን ይዛ ከባምባሲ መጥታለች። ሲፈን አድጋ ትሮጣለች፣ ግቢውን አንድ አድርጋዋለች። ምሳ ላይ ስለ አንድ ዘመድ ልጅ ክርስትና ሲወራ ጫልቱ እየሳቀች «የእኔማ ልጅ አያት እያላት ያለ አያት ነው የተነሳችው» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እማማ ዲንቄ ብቻ አልሳቁም፤ የጎረሱትን ማላመጥ አቁመው ጎንበስ አሉ። በረደ የተባለው ነገር አልበረደም። ይህን ሁሉ ዓመት የእኔን ጥፋት እሳቸው ተሸክመውታል፣ የተሸከሙት የእኔን መሆኑን እንኳ አያውቁም።

እኔም እንደ ወትሮዬ «የምጽፈው አለኝ» ብዬ ተነሳሁ። እሳቸውም እንደ ወትሯቸው በሩ ላይ ተቀመጡ። ወረቀቴን ልቀጥል ነበር የገባሁት፤ የጻፍኩት ግን ይህንን ነው። ሲፈን ደጅ ላይ ስትጮህ ይሰማኛል። አያቷ «ሽሽ፣ አክስትሽ እየጻፈች ነው» ይሏታል። ልጅቷም ለእኔ ብላ ዝም ትላለች።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፣ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ልጆች ነበሩብኝ፣ ጊዜ አልነበረኝም፣ አማካሪዬ ተቆጥተው ነበር፤ ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱም ግን ያን መጋረጃ አያስዘጋም። ምናልባት ከእንግዲህ በሬን የሚጠብቅልኝ ሰው አላገኝም። የራሴ ጉዳይ። ጫልቱ ሳትሄድ በሩን ልከፍት ነው። እማማ ዲንቄ «ጨረስሽ ወይ ኢንተላ ኮ?» ይሉኛል። ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ ልቤ ሳይከዳኝ፣ እዚያው እፊታቸው እንዲህ እላለሁ፦ ጫልቱ፣ እናትሽ ከልጅሽ ክርስትና ወደው አልቀሩም፤ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።