በአጥሩ እንጨት ላይ የተደፋችው ጣሳ

እርጥብ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ደም ደም ይላል። ትናንት የቲማቲም ድልህ ጣሳ አጥቤ ማድቤት ውስጥ ከመደርደሪያው ጥግ ስደፋው የጎረቤቴ ልጅ አይታ፣ "እማማ፣ የድሬዳዋ ፀሐይ እያለ ለምን ውጭ አያወጡትም?" አለችኝ። "እዚሁ ይደርቃል" አልኳት። ለእሷ ያልነገርኳትን ለአንቺ ልንገርሽ።

ያን ጊዜ ጎንደር በጣልያን እጅ ነበረች። ቤታችን ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ወለቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ መቋሚያቸውን ከቤት ትተው፣ ጠመንጃ ይዘው በኮሶዬ በኩል ወደ ደጋው ከወጡ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። ወታደሮች እሳቸውን ፍለጋ መጥተው ትልቁን የጠላ ጋናችንን በሰደፍ ሰብረውታል። የማርያም ማኅበር ተራ ደግሞ እየደረሰን ነበር። ተራ የደረሰው ቤት ጽዋውን ባዶ አያሳልፍም፤ ድሀ ነኝ ማለትም የለም።

እናቴ ከማድቤቱ አንዱን ጥግ ጠራርጋ በጭቃ ለቀለቀችና የመጠጥ ቦታ አደረገችው። ለጋን አቅም አልነበራትም። አንዲት የወለቃ ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ፣ አንገቱ የተጣመመ እንስራ በጥቂት ገብስ ለወጠችላት። "አንገቱ ቢጣመም ሆዱ ደኅና ነው፤ እንደ ባሌ" ስትላት እናቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። መደርደሪያው ከተጣለ የፓስታ ሣጥን የተነቀለ ሳንቃ ነበር። ብርሌ የለ፣ ብርጭቆ የለ፤ እኔ ማኪኖች ከሚያድሩበት ሜዳ የለቀምኳቸውን ስድስት የድልህ ጣሳዎች፣ ከንፈር እንዳይቆርጡ አፋቸውን በድንጋይ ቀጥቅጣ አለዘበቻቸው። ውሃው በግራ፣ ጠላው በመሐል፣ እኛ ልጆች የምንጠጣው ቅራሪ በቀኝ። ከሁሉ በላይ፣ በሳንቃው ጫፍ፣ የአባቴ የቀንድ ዋንጫ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀመጠ።

"ይህን ማንም አይነካውም" አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ለማርያም ይመጣሉ" አለችኝ።

መልእክቱን ያመጡት ከደጋ እንጨት እያወረዱ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አባቴ በማርያም ዕለት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከማኅበርተኛው ጋር ተቀላቅለው ሊገቡ ነው። ጽዋቸውን ሊጠጡ፤ ሲሄዱ ገና ያልተወለደውን ወንድሜንም ሊያዩ።

የዕለቱ ዕለት እናቴ ጠላውን ስታጠልል ጣሳዎቹን ለእኔ ሰጠችኝ። "በአሸዋ ፈትጊያቸው፣ ፀሐይ ይምታቸው" አለች። ፈተግኋቸው፤ በግራዋ ቅጠልም አሸኋቸው፤ ምሬቱ እስከ ክርኔ ደረሰ። አምስቱን ሣሩ ላይ ደፋኋቸው። ዶሮዎቹ እየመጡ ይጭሩባቸዋል። ስድስተኛዋ ትልቋ ነበረች፤ ለቄሱ ያሰብኳት። ዶሮ እንዳይደርስባት ከአጥሩ ረጅሙን እንጨት መርጬ ጫፉ ላይ ደፋኋት። እንደ ብር አበራች። ራቅ ብዬ አየኋትና ደስ አለኝ።

የካህን ልጅ ነበርኩ። ደጅ ላይ ጣሳ በእንጨት ተደፍቶ ከታየ "እዚህ ቤት ጠላ ይሸጣል" ማለት እንደሆነ ማን ነግሮኝ!

ብዙም አልቆየ፣ ሁለት አስካሪዎች፣ የጣልያን ጥቁር ወታደሮች፣ ጎንበስ ብለው ገቡ።

"እመቤት፣ ቅጅልን እንጂ!"

"ምን ልቅዳ? ይህ ጠላ ቤት አይደለም፤ የማርያም ጽዋ ነው።"

"ታዲያ ጣሳውን ለጌጥ ነው የሰቀልሽው?"

ጓደኛው ሳቀ። "ማርያምም ጠላ መሸጥ ጀመረች በለኛ!"

እናቴ በበሩ አሻግራ አጥሩን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። ቶሎ እንዲሄዱላት ከቅራሪው ቀዳችላቸው። ጠጡ፤ "ውሃ!" ብለው ተሳደቡ፤ አፋቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ ወጡ። ያኔ ሮጣ ጣሳዋን አወረደቻት።

ማኅበርተኛው መጣ፤ ጸሎት ደረሰ፤ ጽዋው ዞረ። በመስኮቷ የገባችው ፀሐይ የዋንጫው ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ቆየችና ጠለቀች። የእንግዳ እግር በተሰማ ቁጥር እናቴ ቀና ትላለች። አባቴ አልመጡም።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው እንጨታቸውን ተሸክመው ብቅ አሉ።

"ምነው አያ፣ መሪጌታ ቀሩ?" አለቻቸው እናቴ።

"መጥተውማ ነበር። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ቀደም ብለን ደርሰን፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሾላ ሥር ሆነን አየን። ጣሳ ተደፍቷል፤ ወታደር ጠጥቶ ይወጣል።"

"ምን አሉ?"

"አልተቆጡም። 'ልጆቹስ ምን ይብሉ' አሉና ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ተመለሱ።" ሸክማቸውን አውርደው፣ "ለመሆኑ ማን ሰቀለው?" ሲሉ ጠየቋት።

እኔ ከእንስራው ጎን ኩርምት ብያለሁ።

"እኔ ነኝ" አለች እናቴ። "ይድረቅ ብዬ ነው፣ አያ።"

የአባቴን ቁጣ ትችለው ነበር። ያልሠራችውን ነገር ይቅር ብለዋት መሄዳቸውን ግን አልቻለችም። ከጽዋው የተረፈውን ጠላ በትንሽ ቅል ሞልታ፣ አፉን ወትፋ፣ በሁለት እጇ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። "የማርያም ጽዋ ነው በሉልኝ። በቤትዎ ጠላ አልተሸጠም በሉልኝ፤ በሥላሴ!"

ሽማግሌው ከሰነበቱ በኋላ ተመለሱ። እንጨት አልያዙም። ቅሉን እንደ ሞላ ሳንቃው ላይ አኖሩትና፣ "ጥይት ቀደመኝ፣ ልጄ" አሉ።

እናቴ ነጠላዋን ዘቀዘቀች። ቅሉን ሳትከፍት ከዋንጫው ጎን አስጠጋችው።

ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፣ ንስሐዬንም ፈጽሜያለሁ። ለእናቴ ግን "እኔ ነኝ" ብያት አላውቅም፤ እሷም እንዳትጠይቀኝ ተጠንቅቃ ኖረች። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ጣሳዎቹን ላጥብ ስቀመጥ መጥታ ትልቋን ከእጄ ወሰደች። ራሷ አጠበቻት፤ በቀሚሷ ጫፍ አደረቀቻት፤ በቦታዋ መለሰቻት። ከዚያ ወዲያ፣ ተድሬ ከቤት እስክወጣ ድረስ፣ ያቺን ጣሳ አንድም ቀን አላሳጠበችኝም።