አንቺ ካለሽ አይሄድም

ኢስታንቡል ላይ ቀጣዩ በረራ እስኪደርስ ከተማውን ልይ ብዬ ወጣሁ። ባሕሩ ዳር ቆሜ ፎቶ ሳነሳ አንድ መርከብ ጡሩምባውን ነፋ። ስልኬን አውርጄ ሰዓቴን አየሁ።

ልጅ ሆኜ ከአክስቴ ጋር ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ አውቶቡሳችን አዲስ ዓለም ላይ ለእረፍት ቆመ። አክስቴን አዳዳ ነበር የምላት። ማርያምን ሳትሳለም ማለፍ አይሆንላትም። እኔን መስኮቱ ጥግ አስቀምጣ "አንቺ ካለሽ አይሄድም" ብላኝ ወረደች። ምን ማለቷ እንደሆነ በደንብ አልገባኝም። አውቶቡሱን ያዢልኝ ያለችኝ መስሎኝ የፊቴን ወንበር በሁለት እጄ ጨመደድኩት።

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ተሳፋሪው ሁሉ ተመለሰ፤ አዳዳ የለችም። ረዳቱ በሩን ዘጋ። ሞተሩ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠና የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። ወንበሩን ይበልጥ ጨመደድኩት። በመጨረሻ "አዳዳ" የምትል ቃል ከለቅሶ ጋር ወጣች፤ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ።

"የማን ልጅ ናት?" አለ።

አክስቴ የተሳለመችው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አቧራ ግንባሯ ላይ እንዳለ እያለከለከች ደረሰች። "አላልኩሽም? አንቺ ካለሽ አይሄድም" ብላ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። አውቶቡሱ ሲሄድ አላየችም።

መርከቡ ደግሞ ጮኸ። ታክሲ ፍለጋ ሮጥኩ። አውሮፕላኑ ላይ ያስቀመጥኩት ሰው የለም።