የዘሀራን ብርጭቆ ጠጣሁባት

ከሰዓት ነው... አስር ሰላት ሊደርስ ሲል። ከሚሴ፣ ወንድሜ ቤት በር ላይ ስደርስ ማዳበሪያዬ በረንዳው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ባዶውን።

ጠዋት ስወጣ እስካፉ ሙሉ ነበር። በፊተኛው ቀን ከከተማው በላይ ወዳለው ደጋ ወጥቼ ስለቅማት የዋልኩት፣ ወይን ጠጅ አበባ ያላት ትንሽዬ ተክል ታጭቃበት። ባጃጅ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌ ነው ያመጣሁት። ጠዋት ውኃ ረጨሁበትና የማደርቅበት አሮጌ ጋዜጣ ልፈልግ ገበያ ወረድኩ።

ሥራዬን ለማታውቁ... ላብራቶሪ ውስጥ የዕፅዋት ፕሮቲን ነው የማጠናው። ሌላው ፕሮቲን እንደ ክር ጫፍ አለው፤ ሆድ ሲገባ ከጫፉ መፈታት ይጀምራል። እኔ የምፈልገው ግን ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ እንደ ሙስበሃ፣ እንደ መቁጠሪያ የዞረውን ነው። መጀመሪያ የለው፣ መጨረሻ የለው። ብታፈሉት እንኳ በቀላሉ አይሞትም። እሱን ከሐር ትል ክር ጋር አዋህደን፣ ቁስል የሚሸፍንና ጀርም የማያስጠጋ ስስ ጨርቅ መሥራት ነው ሕልማችን።

ችግሩ ይህን ሁሉ ማታ እራት ላይ አውርቼዋለሁ። አፌ መቼ ያርፋል! «በሩቅ አገር ያሉ አዋላጆች እንዲህ ዓይነት ፕሮቲን ያለበት ቅጠል አፍልተው ምጥ ያፋጥኑበታል» ብዬ ስተርክ፣ ዘሀራ አገጯን በእጇ ደግፋ ትሰማኝ ነበር።

ዘሀራ የወንድሜ ሚስት ናት። ሰባተኛ ወሯ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሳይደርስ ወርዶባታል።

ጓዳ ስገባ ማንቆርቆሪያው እሳት ላይ ነው፣ ቅጠል ቅጠል ይሸታል። ከሳሎን የሴቶች ድምፅ ይመጣል... «ያ ረቢ በሰላም አገላግላት!» «አሚን!»

የኔን ተክል አፍልተውላት ከሆነስ፣ በሰባት ወሯ ምጥ ቢመጣባትስ? ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ሮጬ ገባሁ። ዱበርቲ ነው፤ የሰፈሩ ሴቶች ለነፍሰ ጡር ተሰብስበው ዱአ የሚያደርጉበት። ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። የምትመራው ሁላችንም እንደ እናት «አዴ» የምንላት ጎረቤታችን መይራም ናት፣ የሷ ሥርዓት ደግሞ አይዛነፍም። አንድ ብርጭቆ ሻይ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ እያንዳንዷ ሴት ትመርቅበታለች፣ መጨረሻ ላይ ነፍሰ ጡሯ ትጠጣዋለች።

«አዴ፣ አንድ ጊዜ...» አልኩ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዱአ መሐል ላይ አይቋረጥም። ተቀመጪና አሚን በዪ።»

ከዘሀራ አጠገብ ክፍት ቦታ ነበረች። ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሕልም ይመስለኛል... በመስኮቱ የገባው ብርሃን ከብርጭቆው እንፋሎት ጋር ይጫወታል። ምርቃቱ በኦሮምኛ ይጀምርና በአማርኛ ይዞራል፣ በአረብኛ ያርፋል፣ ደግሞ ይነሳል። ማን እንደጀመረው ጠፋኝ። እጄ ከሌላ ሴት እጅ ጋር፣ ድምፄ ከሌላ ሴት ድምፅ ጋር ተቀላቀለ። ብርጭቆው ቀስ እያለ ይመጣል። አፌ «አሚን» ይላል፣ ዓይኔ ብርጭቆው ላይ ነው።

ልጮህ ዘሀራን ዞር ብዬ አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። እጇ ሆዷ ላይ ነው፣ ፈገግ ብላለች። ካረገዘች ጀምሮ ፊቷ ላይ ፍርሃት ያላየሁት ያኔ ብቻ ነው። እዚያ ፊት ላይ ምን ብዬ ልጩህ?

ብርጭቆው እጄ ገባ። መርቄ ለሷ ማሳለፍ ነበረብኝ።

ጨለጥኩት። ትኩስ ነው፣ ምላሴ ተላጠ፣ ግን እስከ ጠብታው ጨለጥኩት።

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ ልጄ?» አለች አዴ መይራም። «የሷን እኮ ነው የጠጣሽው!»

«አዴ... ምንድን ነው ያፈላችሁት?»

«ጦስኝ ነዋ! ምን ልናፈላ ኖሯል?»

ያኔ ነው ጣዕሙ የመጣልኝ። ጦስኝ፣ ከብዙ ስኳር ጋር።

«ማዳበሪያው ውስጥ የነበረውስ?»

ዘሀራ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ታች አየች። ስገባ ያላየሁት ወለል ለካ አረንጓዴ ነው፣ መሐል መሐሉ ወይን ጠጅ አበባ ጣል ጣል ብሎበታል። የኔን ምርምር ሁሉም ተደላድለው ተቀምጠውበታል።

«ለምለም ይዛልኝ መጣች ብዬ እኮ ለዱአው ጎዘጎዝኩት» አለች፣ ድምጿ ዝቅ አለ። «አጠፋሁ እንዴ እቴ?»

አለቀስኩ። አቅፌያት አለቀስኩ፣ ከዚያ እየሳቅኩ ነገርኳቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አዴ መይራም ግን ሌላ ብርጭቆ አስቀዳች።

«አሁን ከማን እንጀምር?» አለች አንዷ።

«ከሷ ጀምሩ» ብላ አዴ መይራም ወደኔ ጠቆመች። «ክብ አይደል የተቀመጥነው? ከየትም ቢነሳ ዘሀራ ጋ ይደርሳል።»

ያቺን አረፍተ ነገር እስካሁን በልቤ ይዣት እዞራለሁ። ብርጭቆውን ተቀብዬ «አላህ በሰላም ያገላግልሽ፣ የሚያድግ ልጅ ይስጥሽ» አልኩና አሳለፍኩት። ዞሮ ሲደርሳት ዘሀራ ጠጣች። ተክሌን ሌላ ቀን ደጋ ወጥቼ እንደገና ለቀምኩ።

ይህ ከሆነ ሁለት ወር አለፈ። ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ደወለ።

«ሴት ናት! አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው!»

ላብራቶሪው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ስልኩን አንድ ሰው ነጠቀው...

«ልጄ፣ የመጀመሪያው ብርጭቆ ዱአ ሆድሽ ውስጥ ነው፣ አልረሳነውም» አለች አዴ መይራም። «ለመሆኑ ባል የት አለ?»

ቢፈላም የማይሞተው የኔ ፕሮቲን ብቻ መስሎኝ ነበር... የአዴ መይራም ዱአም ነው ለካ!